ምዜ ነጅመዲንና ያልደረቁት ሬሳዎች

ጠርጣሪ የሌለው ሰፈር የለም። "የእኛ ሰፈር የለውም" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሰፈሩ የሚጠረጥረው እሱን መሆኑን ገና አልሰማም ማለት ነው። ጠርጣሪና ወሬኛ ደግሞ አንድ አይደሉም። ወሬኛ የሰማውን ያወራል፤ ጠርጣሪ ያልሰማውን ያሰላስላል። ወሬኛ በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ጠርጣሪ አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቃል።

በኬንያዋ ሞያሌ፣ ከኬላው ወደ ታች የጭነት መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ላይ፣ ይህን ከባድ ኃላፊነት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት የተሸከሙት ክቡር ምዜ ነጅመዲን ነበሩ። "ምዜ" በስዋሂሊ ሽማግሌ የሚከበርበት ቃል ነው። አንድ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዞ የመጣ ሾፌር ግን "ሚዜ" የተባሉ መስሎት "የማን ሚዜ ናቸው?" ብሎ ጠየቀ። ምዜ ነጅመዲን ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "ማን ነው የላከህ?" አሉት።

ሥራቸው ከጠባያቸው ጋር የተጋባ ነበር። ጓጉንቸር፣ ማጠፊያ፣ ምስማርና ሽቦ ይሸጣሉ። ደንበኛ ትንሹን ጓጉንቸር ሲጠይቃቸው "ይሄ ሌባ አያቆምም" ይሉታል። ትልቁን ሲጠይቃቸው ደግሞ "ምን ብትደብቅ ነው?" ይሉታል። ከቦሪ መንደር ወተት የምታመጣላቸውን ሴት፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ አስቀድማ ራሷ አንድ አንድ ጉንጭ ካልጠጣች አይገዟትም። ሴትዮዋ እሳቸው ሰፈር እስክትደርስ ድረስ ቁርስ አትበላም ነበር። ቦዳቦዳ ሲሳፈሩ የሞተር ሳይክሉን ታርጋ መዳፋቸው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፤ ነጂው የገዛ እህታቸው ልጅ ቢሆንም። ሰው "እንደምን አደሩ?" ሲላቸው "ለምን? ምን ሰማህ?" ይላሉ።

"ይጠረጥራሉ" ብትሏቸው ግን ይቀየማሉ። ጣታቸውን ወደ ዓይናቸው ያነሱና "እኔ አልጠረጠርኩም፤ አየሁ እንጂ" ይላሉ። ባለቤታቸው ሻምሳ ይህን ቃል ስትሰማ የያዘችውን ሥራ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። አርባ ዓመት አብረው ኖረዋል፤ እንደዚያ ቤት ጓዳው የጸዳ ቤት የለም።

በግራ በኩል፣ ከቆርቆሮና ከእንጨት በተሠራ አጥር ማዶ፣ ሮዝ የምትባል ልብስ ሰፊ ከባሏ ከዴኒስ ጋር ትኖር ነበር። ሮዝ ቡርጂ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ሞያሌ ነው። አማርኛዋን የተማረችው ኬላውን እየተሻገረች ጨርቅ ከምትነግድ እናቷ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። የልብስ ማሳያ አሻንጉሊት መግዛት ሲያቅታት ከጆንያና ከቃጫ ራሷ ሠርታ በረንዳዋ ላይ አቁማ ነበር። አሻንጉሊቷ ሰው ከመምሰሏ የተነሳ መንገደኛ ሰላም ይላት ነበር። ምዜ ነጅመዲንም ለአንድ ሳምንት "ይህች ሴት ለምን አትቀመጥም?" ሲሉ ከርመዋል።

ዴኒስ መካኒክ ነው፤ ድምፁ ከሚጠግናቸው ሞተሮች በላይ ይሰማል። ሲያስልም፣ ሲዘፍንም፣ ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅም ሰፈሩ ሁሉ አብሮት ነው። በ2006 መስከረም መጀመሪያ ላይ ያ ድምፅ ቀጥ አለ።

"ሻምሳ" አሉ ምዜ ነጅመዲን አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ "ዴኒስ ካሳለ ስንት ቀኑ ነው?"

"ደግሞ የሰው ሳል ልቁጠር?"

"ሃያ ስድስት ቀን።"

"ሮዝ ለሥራ ኢሲዮሎ ሄዷል ብላለች።"

"እሱ ነው እኮ የሚገርመኝ። መፍቻዎቹ በረንዳው ላይ ናቸው። መካኒክ መፍቻውን ጥሎ ለምን ሥራ ነው የሚሄደው?"

ሻምሳ ሳህኑን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። የምዜ ነጅመዲን ትልቁ ችግር አንዳንዴ ልክ መሆናቸው ነበር።

በዚያው ሳምንት ሮዝ ወደ ሱቃቸው መጣች። አራት ኪሎ ሽቦና ከሁሉ ትልቁን ጓጉንቸር ጠየቀች።

"ለምን ይሆናል?"

"ለሥራ ነው፣ ምዜ።"

"ልብስ በሽቦ መስፋት ተጀመረ?"

ሮዝ ሳቀችና ሂሳቧን ከፍላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቷ የኋላ ክፍል ተቆለፈ። ደንበኛ የሚለካው በረንዳ ላይ ብቻ ሆነ። ምዜ ነጅመዲን ያዩትን ሁሉ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ዳር ላይ ይጽፉ ጀመር። ሐሙስ፦ ከፀጉር ቤት አንድ ጆንያ የተጠረገ ፀጉር ወሰደች። ዓርብ፦ ከሥጋ ቤት የበግ መንጋጋ ከነጥርሱ። ቅዳሜ፦ ቀትር ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ ከዘፈን ጋር። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ ከነከናቸው። ሰው ላስቲክ እያቃጠለ ለምን ይዘፍናል?

ማክሰኞ ለዙህር ሶላት ውዱእ ሊያደርጉ ማሰሮአቸውን ይዘው ወደ አጥሩ ጠጋ ሲሉ በቆርቆሮው ቀዳዳ አዩ። በሮዝ የልብስ ገመድ ላይ፣ በሁለት የተማሪ ሸሚዞች መካከል፣ አንድ እጅ በልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥሏል። አምስት ጣት፣ ጥፍር፣ የተጨማደደ ግራጫ ቆዳ። ከአንጓው በላይ ምንም የለም።

"ሻምሳ! ሻምሳ! ቶሎ ነይ!"

ሻምሳ እጇን በነጠላዋ እየጠረገች እስክትደርስ ሮዝ ወጥታ እጁን ከገመዱ አውርዳ ገብታለች። የቀሩት ሸሚዞቹ ብቻ ናቸው።

"እጅ አየሁ" አሉ ምዜ ነጅመዲን።

"እጅጌ ነው ያየኸው፣ አንተ ሰውዬ። ሂድ ስገድ።"

በማግስቱ ንፋሱ የሮዝን የኋላ መስኮት መጋረጃ ገለበው። መጋረጃው ተመልሶ እስኪወርድ ድረስ የቆየው ጊዜ አንድ ሰው ቢስሚላህ ለማለት የሚፈጅበት ያህል ነበር። ምዜ ነጅመዲን ሰማያዊ ቱታ አዩ፤ በግራሶ የቆሸሸ፣ ደረት ኪሱ የተቀደደ፣ የዴኒስ ቱታ። በቱታው ውስጥ ሰው ተጋድሟል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል።

እዚያው አጥሩ ሥር ቁጭ አሉ። በሕይወታቸው ብዙ ጠርጥረዋል፤ ልክ እሆናለሁ ብለው ግን ፈርተው አያውቁም ነበር።

ተነሥተው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። በመንገዳቸው ለሦስት ሰዎች ብቻ፣ ያውም በምስጢር ነገሩ፤ ለዳቦ ሻጯ ለጎሎ፣ ለአንድ ቦዳቦዳ ነጂና ከኦቦ መንደር ግመል ሊሸጥ ለመጣ አንድ ሰው። ኮርፖራል ኬቨንን አስከትለው ሲመለሱ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር። የግመሉ ባለቤት ግመሎቹን ይዞ መጥቷል።

ሮዝ በረንዳዋ ላይ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች ነበር። ሕዝቡን ስታይ ስለ ላስቲኩ ሽታ ሊከሷት የመጡ መሰላት።

ኮርፖራል ኬቨን ከወደ ደቡብ፣ ከሐይቅ ዳር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ሞያሌ ከመጣ ስድስት ወሩ ነበር፤ ከዝምታዋ ጋር ገና አልተላመደም። "ፖሌ ፖሌ፣ እመቤት" አላት፣ ለራሱም ጭምር ረጋ በል እንደ ማለት። "የኋላውን ክፍል ክፈቺልኝ።"

"አሁን አይከፈትም" አለች ሮዝ። "አልደረቁም።"

ሕዝቡ አንድ ላይ ተነፈሰ።

"ስንት ናቸው?" አለ ኬቨን፣ ድምፁ ቀጥኖ።

"ሦስት። ግን የአንደኛዋ ጭንቅላት ገና አልተጣበቀም። ስለ ሽታው ይቅርታ፣ ከነገ ወዲያ ይጠፋል።"

ጎሎ ጮኸች። ከኋላ "ገዳይ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሌላው ተቀበለው። አንድ ሰው የላምባ ጀሪካን ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ በሕዝቡ መካከል ሲመጣ ታየ። ያን ጊዜ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ቀረ። ሮዝ መጀመሪያ ጀሪካኑን፣ ቀጥሎ ፊቶቹን አየች። ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ የልጆቻቸውን ትከሻ ልክ በቃሏ ታውቃለች። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ለኮርፖራሉ ሰጠችው።

ኬቨን ከፈተ፣ ገባ፣ ወጣ። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ቆቡን አወለቀ። "ሦስት ናቸው" አለ ለማንም ሳይሆን።

ማንም ሊገባ አልደፈረም። ምዜ ነጅመዲን ገቡ።

አንደኛው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። መንጋጋው ወርዶ ጥርሱ ይታያል፤ ቆዳው እንደ ረጠበ ወረቀት አጥንቱ ላይ ተጣብቋል። ሁለተኛዋ የሴት ቀሚስ ለብሳ ጠረጴዛ ላይ ተጋድማለች፤ ጭንቅላቷ ከጎኗ ነው። ሦስተኛው ባለ ቱታው ነው። ምዜ ነጅመዲን ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ቆሙ፤ ዱዓ ሊያደርጉ ነበር። ዱዓው ግን መሃል ላይ ተቋረጠባቸው።

ዝንብ የለም።

የሞያሌ ቀትር ነው። ሥጋ ቤት የተሰቀለ ብልት በዝንብ ጠቁሮ የሚውልበት ሰዓት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ ሦስት ሬሳ አለ፤ አንድ ዝንብ የለም። ምዜ ነጅመዲን ዓይናቸውን አጠበቡ። ሌላው ሰው ሁሉ ያየውን በሚያምንበት ቦታ እሳቸው ሬሳውን ራሱን ጠረጠሩት። አሸተቱ፤ ኮላ ነው። ባለ ቱታውን እጁን ይዘው አነሡት። በመስጊዱ ለዓመታት ሬሳ ያጠቡ ሰው ናቸው፤ የሞተ እጅ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃሉ። ይሄኛው እንደ ባዶ ዘንቢል ቀለለ።

ወጡና እጃቸውን አነሡ። "ሰው አይደለም! አሻንጉሊት ነው! ወደየቤታችሁ ሂዱ!"

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሕዝብን "አትጠርጥሩ" ሲሉ የመጀመሪያቸው ነበር። ማንም አላመናቸውም።

"ቅድም ሬሳ ነው ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ምን ሰጠችዎት?"

"አብረው ናቸው!"

"እኛ አልጠረጠርንም" ብሎ ጮኸ ቦዳቦዳ ነጂው፣ "አየን እንጂ!"

ባለ ጀሪካኑ በረንዳው ሥር ደረሰ። ምዜ ነጅመዲን ወደ ውስጥ ተመልሰው ባለ ቱታውን በብብቱ ይዘው እየጎተቱ አወጡት። የፊተኛው ረድፍ ወደ ኋላ ተገፋ። ከኪሳቸው ሰንጢ አወጡና ከደረቱ እስከ እምብርቱ ቀደዱት። ቃጫ ተዘረገፈ። የዩኒፎርም ቁርጥራጭ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የተጠቀለለ ሽቦ ወጣ።

"ይሄ የእኔ ሽቦ ነው!" አሉ ምዜ ነጅመዲን፣ ሽቦውን ወደ ሰማይ አንሥተው።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ሁሉም። ጀሪካኑ ወዴት እንደገባ ያየው የለም። ኮርፖራል ኬቨን ቆቡን መልሶ አደረገ፤ ከመጀመሪያውም እንደገባው ሰው ሆነ።

ሮዝ ያኔ ተናገረች። ፌይዝ የምትባል የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናይሮቢ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ነሐሴ ላይ ሞያሌ መጥታ የበረንዳዋን አሻንጉሊት አይታ ነበር። በጥቅምት ፈረንጆች ሃሎዊን የሚሉት በዓል አላቸው፤ ደጃቸውን በአስፈሪ ነገር ያስጌጣሉ፣ እንግዳው እየጮኸ ይገባል፣ እየሳቀ ይወጣል። ሆቴሉ እውነተኛ የሚመስሉ ሦስት ሬሳዎች ፈለገ፤ ፌይዝ ሮዝን መረጠች። ሮዝ ላስቲኩን በከሰል ካውያ እያሞቀች ሽቦው ላይ አጣበቀች፤ በተፈላ ሻይ ቅጠል ቀባችው፤ ከፀጉር ቤቱ ባመጣችው ፀጉርና ቀቅላ ባጸዳችው የበግ መንጋጋ ራስና ጥርስ አበጀችላቸው።

"የቆለፍኩት ብታዩት ምን እንደምትሉ ስለማውቅ ነው" አለች።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ጎሎ ግን "ታዲያ ዴኒስ የት አለ? ቱታውስ?" አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ምዜ ነጅመዲን ዞረ። ጥያቄው የእሳቸው ነው። "ይበቃል፣ ተዉአት" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። አላሉም። እውነቱን ለመናገር፣ እሳቸውም ማወቅ ፈልገው ነበር።

ሮዝ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። "ኢሲዮሎ ነው" አለች። "ለሥራ አይደለም። ሌላ ሴት ጋ ነው። ቱታውን ጥሎት ሄደ፤ እኔም ለሬሳ አለበስኩት። ሌላ የማስረዳችሁ ነገር አለ?"

ሁሉም ሥራ እንዳለበት በአንድ ጊዜ ትዝ አለው። የግመሉ ባለቤት እንኳ ግመሎቹን ድምፅ ሳያሰማ ነዳ። በረንዳው ላይ ሮዝ ተንበርክካ ቃጫውን መልቀም ጀመረች። ምዜ ነጅመዲን ሊያግዟት ጎንበስ ሲሉ ቀና ሳትል "አይንኩት" አለቻቸው።

ሻምሳ ስትቆጣ ትናገራለች፤ ስታዝን ዝም ትላለች። ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ምሳ አቅርባላቸው ሳትቀመጥ እንዲህ አለች፦

"ያቺ ልጅ ባሏ ጥሏት መሄዱን ሰው እንዳያውቅባት አንድ ወር ሙሉ ስትስቅ ነበር። አንተ በአንድ ቀን ለሞያሌ ሁሉ ነገርክላት።"

"እኔ እኮ ገደለችው ብዬ ነው እንጂ..."

"እሱ ይሻላት ነበር።"

ምዜ ነጅመዲን ምሳቸውን አልበሉም። ከገበያ አንድ ጆንያ ቃጫ ገዝተው በትከሻቸው ተሸክመው የሮዝን በር አንኳኩ። እስኪከፈት ድረስ የይቅርታ ቃላቸውን ይለማመዱ ነበር፤ ረጅምና ያማረ ቃል ነበር።

"ምን ፈለጉ?" አለች ሮዝ በሩን ገርበብ አድርጋ።

ከአፋቸው የወጣው ግን "ጥፍሩ ንጹሕ ነው" የሚል ሆነ።

"ምን?"

"የሬሳው ጥፍር። የሠራተኛ ጥፍር ሞቶም እንዲህ አይጸዳም። እኔን ያሳሳተኝ ከሩቅ ስለነበር ነው። መጀመሪያውኑ ቀርቤ ባየው በጥፍሩ እነቃብሽ ነበር።"

ሮዝ በሩን ዘጋች። ምዜ ነጅመዲን ጆንያቸውን ተሸክመው ቆሙ። ፀሐዩ ከባድ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሩ ተከፈተ። ፊቷ አልተፈታም፤ ግን ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት።

"እንዴት ነው የሚሆነው?" አለች።

"ፊት አልሠራም" አሉ ምዜ ነጅመዲን ገና ሳይቀመጡ። "ፊት መሥራት በሃይማኖቴ አይፈቀድም። ስለ እጅና እግር ግን የምለው አለኝ።"

ለአምስት ቀን ከሱቃቸው ይልቅ እዚያ ዋሉ። ሠላሳ ዓመት ሰው ላይ የፈጸሙትን ምርመራ አሁን ሬሳ ላይ አዋሉት። ተረከዙ ይሰንጠቅ፤ በባዶ እግሩ የኖረ ሰው ነው። የዚህኛው አንገት በጣም ቀጥ ብሏል፣ የሚያዳምጥ ይመስላል። ጣት ሲሞት አይከፈትም፣ አይጨበጥምም፤ መሃል ላይ ይቀራል። ሮዝ እያጉረመረመች ትፈታለች፣ እያጉረመረመች ትሰፋለች። ሲያልቅ ግን ወደ ኋላ ራቅ ብላ ታይና ዝም ትላለች።

"ይሄን ሁሉ እንዴት አወቁ?" አለቻቸው አንድ ከሰዓት።

"አጥቤ ነው። ሬሳ ስታጥቢ ሰውየውን የምታውቂው በፊቱ አይደለም፤ በእጁ ነው። ምን ሲሠራ እንደኖረ እጁ ላይ አለ።" የያዙትን መርፌ አስቀመጡ። "ወንድም ነበረኝ፣ ሙሐረም። በማርሳቢት መንገድ በጭነት መኪና ሄደ። ሦስት ቀን ብሎ ነው የሄደው። እስከ ዘጠነኛው ቀን ድረስ 'ሰውየው የት ነው?' ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም። ሥራ በዝቶበት ነው አልን። መኪናው ገደል ገብቶ ሁለት ቀን በሕይወት ነበር አሉ፣ ያገኙት ሰዎች። በጥፍሮቹ ውስጥ አፈር ነበር።"

ሮዝ መኪናዋን መርገጥ አቆመች።

"ከዚያ ወዲህ ነው ቀን መቁጠር የጀመርኩት" አሉ።

ሮዝ "ዴኒስ ከሄደ ጀምሮ 'የት ነው?' ያለው ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት" አለች። "ገድላዋለች ብለው ቢሆንም" ብላ ጨመረች። ምዜ ነጅመዲን የሚገቡበት ቢያጡ የሬሳውን ትልቅ ጣት ማሸት ጀመሩ።

ሦስቱ አለቁ። ባለ ቱታው ሆዱ ተሰፍቶ እንደገና ለበሰ። "ቱታው ይውለቅ?" ቢሏት፣ "ናይሮቢ ይሂድ፤ እዚህ ምን ያደርግልኛል" አለች።

የቀረው መላኩ ነበር። ሶራ የሚባል ሾፌር ከብት ጭኖ ሊወርድ ነው፤ እስከ ናይሮቢ ድረስ ያለውን የፍተሻ ኬላ ግን እሱም ቆጥሮ አይጨርሰውም። "ከሸራ ሥር እንክተታቸው" አለ።

"አበድክ?" አሉት ምዜ ነጅመዲን። "ሸራ ገልጦ ሬሳ የሚያገኝ ፖሊስ አንተን ነው የሚያስረው። የተደበቀ ነገር ሁሉ ያስጠረጥራል፤ እኔን ጠይቀኝ። ከላይ ቁጭ አድርጋቸው፣ ፀሐይ ላይ፣ እንደ ተሳፋሪ።" ራሳቸው ቺፍ ከሚባለው የሰፈሩ የመንግሥት ሹም ዘንድ ሄደው ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጻፉ። በየሬሳው አንገት ላይ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ "አሻንጉሊት ነኝ" የሚል ካርቶን አንጠለጠሉ። ካርቶኑን ካንጠለጠሉ በኋላ ደግሞ "ይሄም በጣም ንጹሕ ሆነ" ብለው በእጃቸው አቆሸሹት።

ሶራ ሲመለስ የነገራቸው ይህን ነው፦ ኢሲዮሎ ሳይደርስ ባለው ኬላ አንድ ፖሊስ ወደ ላይ አንጋጦ የሦስቱንም መታወቂያ ጠየቀ። መልስ ሲያጣ "እነዚህ ሰዎች ንቀት አለባቸው" አለ። ፌይዝም ደወለች። የሆቴሉ ዘበኛ ከባለ ቱታው ጋር አንድ በር አልጠብቅም ብሎ ወደ ኋላ በር ተዛውሯል፤ ለሚቀጥለው ዓመት አምስት ታዟል፤ አንድ እንግዳ ደግሞ እጆቹን አይቶ ሠሪው ሐኪም ነው ወይ ብሎ ጠይቋል። ሮዝ ይህን በአጥሩ ላይ ጮክ ብላ ነገረቻቸው። ምዜ ነጅመዲን "ማን ነው የጠየቀው? ለምን ጠየቀ?" አሉ፤ ሻምሳ ግን ፈገግ ሲሉ አይታቸዋለች።

በታኅሣሥ አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ አንድ ሰው ትንሽ ሻንጣ ይዞ የሮዝ በር ላይ ቆመ። ከስቷል፤ ጫማው አዲስ ነው። ከማንኳኳቱ በፊት ምዜ ነጅመዲን ከሱቃቸው ተነሥተው በእሱና በበሩ መካከል ቆመው ነበር።

"ማንን ፈለግህ?"

"ምዜ! ዴኒስ ነኝ እኮ!"

"መታወቂያ።"

ዴኒስ ቀልድ መሰለው፤ ሲያያቸው ግን መታወቂያውን አወጣ። ምዜ ነጅመዲን ወደ ፀሐይ አዙረው ፊቱንም ጀርባውንም አዩት።

"መልኩ ይመስላል" አሉ። "ግን ፎቶው ላይ ያለው ሰው የሚያፍር ይመስላል። ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከኢሲዮሎ።"

"በማን መኪና? ከማን ጋር? እዚያ ስንት ቀን ነበርክ? ቆጥረህ ንገረኝ፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ።"

"ምዜ፣ ቤቴ ነው፤ ልግባ እንጂ!"

"ቤትህ መሆኑን ማን ነገረህ?"

መንገደኛው መቆም ጀመረ። ዳቦ ሻጯ ጎሎ ከነዳቦዋ መጣች። ዴኒስ ከትከሻቸው በላይ አንገቱን አስግጎ ተጣራ፤ "ሮዝ! ኧረ ሮዝ፣ ንገሪያቸው!"

ከውስጥ ይሰማ የነበረው የስፌት መኪና ድምፅ ቆመ። ሁሉም ጠበቀ። በሩ ተከፈተና ሮዝ በርጩማ ይዛ ወጣች። ዴኒስ አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደ፤ ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ሮዝ በርጩማውን ከምዜ ነጅመዲን ኋላ አደረገችላቸው።

"ቁጭ ብለው ይጠይቁት፣ ምዜ" አለች፤ ተመልሳ ገባች፤ መኪናዋንም መርገጥ ጀመረች።